ድርብ ክንፉ ድሬዳዋ ላይ ይነሳል፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በድሬዳዋና በሐረር የእጅ ሥራ በሚወዱ ወጣቶች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ከእንጨት ኪት (ለመገጣጠም ተዘጋጅተው በሳጥን ከሚመጡ ክፍሎች) ተገጣጥሞ በሬዲዮ የሚመራ ባለ ድርብ ክንፍ፣ ማለትም ሁለት ክንፎቹ አንዱ ከሌላው በላይ የሆኑ፣ ሞዴል አውሮፕላን መሥራት ለእኛ አካባቢ የማይሆን ነገር ነው የሚል ነው። ጸሐፊው ነገሩን ከሩቅ ሰምተው የሚያወሩ ሰው እንዳልሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ስለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ።

የድሬዳዋ ሙቀትና ከፍታ አየሩን ስለሚያሳሳው ድርብ ክንፍን የመሰለ አየር የሚጎትተው ሞዴል አይነሳም ይላሉ፤ ይነሳ ቢባል እንኳ የኤሌክትሪክ ሞተር በሳሳ አየር አቅም ስለሚያጣ የነዳጅ ሞተር የግድ ነው። ድርብ ክንፍ ጊዜው ያለፈበት ንድፍ ነው፤ ድካሙን እጥፍ ያደርጋል፣ በምላሹ የሚሰጠው ነገር የለም። የእንጨት ኪት ወራት ይበላል፤ ከፎም የተሠራው ዝግጁ አውሮፕላን ግን በተገዛበት ቀን ይበራል። ባትሪ እንደ ልብ አይገኝም፣ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ መሙላቱ ጣጣ ነው፣ ሙቀቱም አደገኛ ያደርገዋል። በመጨረሻም ጨዋታው የባለጸጋ ስለሆነና ፈቃዱም አስቸጋሪ ስለሆነ ወጣቱ በኮምፒውተር የበረራ መለማመጃ ቢቆይ ይሻለዋል ይላሉ።

ከአየሩ እጀምራለሁ። ብዙውን ሰው ያስፈራው እሱ ነው፤ በቁጥር ሊመረመር የሚችለውም እሱ ነው።

አየር በከፍታም በሙቀትም ይሳሳል፤ ይህ አያከራክርም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስበት ከሰዓት በኋላ አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.99 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በባሕር ጠለል ያለው መደበኛ ልክ 1.225 ኪሎ ግራም ነው። ከአየሩ 19 በመቶ ጎድሏል ማለት ነው። ጸሐፊው እዚህ ድረስ ትክክል ናቸው። የሚሳሳቱት ከዚህ ቀጥሎ፣ የአየሩ መጉደል ክንፉን ከነጭራሹ የሚያሸንፈው አድርገው ሲያቀርቡት ነው። የክንፍ የማንሳት ኃይል ከአየሩ ክብደት ጋር ብቻ ሳይሆን ከፍጥነት ካሬ ጋር ይሄዳል። 19 በመቶ የጎደለውን አየር ለማካካስ የሚያስፈልገው የፍጥነት ጭማሪ 11 በመቶ ገደማ ነው። 1.2 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ክንፎቹ አንድ ሜትር ርዝመትና 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ድርብ ክንፍ ሞዴል እንውሰድ። ባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ መሬት ይለቃል። እዚህ ደግሞ 28 ሲደርስ ይለቃል። ልዩነቱ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ማኮብኮቢያውን ጥቂት እርምጃ ያስረዝመዋል እንጂ መሬት ላይ አያስቀረውም።

ሐረር ቀዝቃዛ ስለሆነች ከድሬዳዋ ትሻላለች ያሉትም በስሌት አይጸናም። ሐረር ከ1,850 ሜትር በላይ ናት። ሙቀቱ 22 ዲግሪ በሆነበት ምቹ ቀን እንኳ የሐረር አየር በሜትር ኩብ 0.95 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ድሬዳዋ በጠራራ ፀሐይ ካላት አየር የሳሳ ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚህም ይወርዳል። ድሬዳዋ ላይ ገና ፀሐይ ሳትበረታ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ሳለ፣ አየሩ 1.04 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ነፋሱም ጸጥ ያለ ነው። በዚህ ሰዓት ለማብረር ከሦስቱ ከተሞች የተሻለ አየር ያላት ድሬዳዋ ናት።

በታሪክ በኩልም ማስረጃ አለን። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ያረፈው፣ በአገራችን የመጀመሪያው የሆነው አውሮፕላን ፖቴዝ 25 ድርብ ክንፍ ነበር። ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደምትገኝ ከተማ የመጣ ነው። ድርብ ክንፍ ለደጋ አየር አይሆንም የሚል ሰው ይህን በረራ እንዴት እንደሚያስረዳ ለመስማት እፈልጋለሁ።

ወደ ሞተሩ ልለፍ። ጸሐፊው በሳሳ አየር ኃይል የሚያጣው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው ብለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የነዳጅ ሞተር አየር ስቦ ነዳጅ ያቃጥላል፤ አየሩ 19 በመቶ ሲጎድል ኃይሉም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ የሚገባውን ነዳጅ የሚመጥነው መርፌም እንደገና መስተካከል አለበት። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይስብም። ኃይሉን የሚወስደው ከባትሪው ነው፤ ባትሪው ደግሞ ከፍታ አያውቅም። የሚቀንሰው ፕሮፔለሩ ከአየሩ የሚያገኘው መግፊያ ነው። አየሩ ሲሳሳ ፕሮፔለሩ ስለሚቀለው ሞተሩ የሚስበው አምፔር ይወርዳል፤ በተረፈው አቅም በትንሹ ረዘም ያለ ወይም ጥምዘዛው (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋበት ርቀት) የጨመረ ፕሮፔለር ማሰር ይቻላል። ባሕር ጠለል ላይ 11 በ5.5 ኢንች (ርዝመቱ 11፣ ጥምዘዛው 5.5) ፕሮፔለር የተመከረለት ሞተር ድሬዳዋ ላይ 12 በ4.5 ቢታሰርለት ጭነቱ ከመጀመሪያው ብዙም አይርቅም። ይህንንም በግምት ማሰር አይገባም፤ አውሮፕላኑን ጠረጴዛ ላይ አጥብቆ፣ በባትሪውና በፍጥነት መቆጣጠሪያው መካከል የዋት መለኪያ አስገብቶ፣ ሰው ከፕሮፔለሩ ፊትና ጎን እንዲርቅ አድርጎ፣ ሙሉ ጋዝ (የሞተሩን ሙሉ ኃይል) ለጥቂት ሰከንድ ሰጥቶ ማንበብ ነው።

ስንት ዋት ያስፈልጋል? በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ የሚታወቀው ልክ ረጋ ብሎ ለሚበር አውሮፕላን በኪሎ ግራም ከ110 እስከ 150 ዋት፣ ለመገለባበጥ 220 ዋት አካባቢ ነው። ድርብ ክንፍ አየር ስለሚጎትተው እኔ 200 እወስዳለሁ። ለ1.2 ኪሎው ሞዴል 240 ዋት ይሆናል። ሦስት ሴል ያለው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ 11.1 ቮልት ስለሚሰጥ ሲካፈል 22 አምፔር ገደማ ነው። ባለ 40 አምፔር የፍጥነት መቆጣጠሪያ ከበቂ በላይ ይችለዋል። 2,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ጋዝ ቢሠራና 20 በመቶው ቢተውለት ከስምንት እስከ ዘጠኝ ደቂቃ ያበርራል። እዚህ ላይ ጸሐፊውን አንድ ነገር አምናለሁ፦ የነዳጅ ሞተር ያለው ሰው ታንኩን ሞልቶ ወዲያው ይመለሳል፤ ድምፁም ለድርብ ክንፍ የሚስማማ ነው። ነገር ግን ነዳጁ ሜታኖል፣ ዘይትና ናይትሮሜቴን የተደባለቀበት ፈሳሽ ነው። በመንገደኞች አውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ ይዞ መምጣት ክልክል ነው። የኤሌክትሪክን ባትሪ ለማግኘት ይቸግራል ብለው የነዳጅ ሞተርን መፍትሔ ማድረጋቸው የማይገጥም ክርክር ነው።

ባትሪው ራሱስ? ሦስት ሴል ያለው ባለ 2,200 ባትሪ የሚይዘው 24.4 ዋት ሰዓት ነው። መንገደኛ እስከ 100 ዋት ሰዓት የሚደርስ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣው፣ ጫፎቹ እንዳይነካኩ ሸፍኖ፣ ይዞ እንዲገባ የዓለም አቀፍ የአየር ትራንስፖርት ደንብ ይፈቅዳል። የመብራት መቋረጡም እንደተባለው አይደለም። የነዚህ ባትሪዎች መሙያ ከ12 ቮልት ይሠራል። 60 አምፔር ሰዓት ያለው የመኪና ባትሪ 720 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሲሶውን ብቻ ብንጠቀምና ብክነቱን ብንቀንስ እንኳ የአውሮፕላኑን ባትሪ ስምንት ጊዜ ያህል ይሞላዋል። ስለ አደጋው የጻፉትን ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ እንዲያውም ያንሳል እላለሁ። ያበጠ ባትሪ መሞላት የለበትም። ባትሪ የሚሞላው በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ሰው አጠገቡ እያለ ነው፤ እንቅልፍ ተተኝቶ አይሞላም። በተለይ ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ በሚመታው የተዘጋ መኪና ውስጥ ባትሪ ጥሎ መሄድ ቤት ከማቃጠል አይተናነስም። በማይበርበት ሳምንት እያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ላይ ሆኖ ከሙቀት ርቆ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ድርብ ክንፉ። ጸሐፊው ሁለት ክንፍ ሁለት እጥፍ አያነሳም ማለታቸው ልክ ነው። የላይኛውና የታችኛው ክንፍ አየር ይሻማሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከክንፉ ስፋት ካነሰ ሽሚያው ይብሳል። ምሰሶዎቹና ሽቦዎቹም አየር ይጎትታሉ። ከዚህ ተነስተው ጥቅም የለውም ማለታቸው ግን አንዱን ወገን ብቻ ማየት ነው። ያው 1.2 ኪሎ፣ ያው አንድ ሜትር ርዝመት፣ ያው 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ግን አንድ ክንፍ ብቻ ቢሆን መሬት ለመልቀቅ ድሬዳዋ ላይ በሰዓት ወደ 39 ኪሎ ሜትር ያስፈልገዋል። ድርብ ክንፉ በ28 ይለቃል፤ የሽሚያውን ኪሳራ ብንጨምርበትም 30 አካባቢ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚበር አውሮፕላን ዓይን ሳይለቀው በጠባብ ሜዳ ዞሮ ይመለሳል። ይህንኑ ስፋት በአንድ ክንፍ ለማግኘት ርዝመቱ ሁለት ሜትር መሆን አለበት፤ ሁለት ሜትር ክንፍ ደግሞ ባጃጅ ውስጥ አይገባም።

ለጀማሪ የመጀመሪያ አውሮፕላን አይሁን ያሉትን እደግፋለሁ። የጋዙ መጠን ሲቀነስ ድርብ ክንፍ ፍጥነቱን ወዲያው ያጣል፤ ሞተር ዘግቶ ተንሳፍፎ የሚያርፍ አይደለም፤ ጋዝ ሳይዘጉ እስከ መሬት ማምጣት ያስፈልጋል። ሲታጠፍ አፍንጫው ወደ ውጭ መሳብ ስለሚወድ በጅራት መሪው ማገዝ ይጠይቃል። ስለዚህ ክንፉ ከላይ የሆነ ቀላል መለማመጃ ይቅደም፤ ድርብ ክንፉ ይከተል። ይህ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው፤ ጸሐፊው ግን አትሥሩ የሚል ድምዳሜ አውጥተውበታል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው የግንባታው ነገር ነው። ወራት ይበላል የተባለው ሥራ ውስጥ ምን እንዳለ ጽሑፉ አንድ መስመር እንኳ አልሰጠውም። የላይኛውን ክንፍ ከአካሉ ጋር የሚያያይዙትን አራት አጫጭር የሽቦ ምሰሶዎች ተመልከቱ። ጠንካራው ሽቦ በልኩ ይታጠፋል፤ የሚገናኙበት ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይጠመጠማል፤ ከዚያ በቆርቆሮ ይበየዳል። ሲበየድ ምሰሶዎቹ እንዳይንሸዋረሩ ከካርቶን የተቆረጠ መያዣ ይሠራላቸዋል። ክንፉ ሲቀመጥ ከግራው ጫፍ እስከ ጅራቱ መጨረሻ ክር ይዘረጋል፤ ያው ክር ወደ ቀኝ ይዞርና ይለካል። ክሩ በሦስት ሚሊ ሜትር ካጠረ ክንፉ ዞሯል፤ ይፈታል። ቀጥሎ ውኃ ልክ ያለበት ስልክ በላይኛው ክንፍ፣ ከዚያ በታችኛው ላይ ይደረጋል፤ የሁለቱ የመግጠሚያ ማዕዘን በንድፉ ላይ ከተጻፈው ጋር ይመሳከራል። ይህን የሠራች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አውሮፕላን ለምን ወደ አንድ ወገን እንደሚጎትት የሚነግራት አያስፈልጋትም። በክሩ አይታዋለች።

የክብደት ማዕከሉም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው የድርብ ክንፍ አፍንጫ አጭር ስለሆነ ለማመጣጠን የእርሳስ ብረት መጫን የግድ ነው ብለዋል። አንዳንዴ እውነት ነው። ይሁንና 180 ግራም ገደማ የሚመዝነው ባትሪ ስድስት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢገፋ የ1.2 ኪሎውን አውሮፕላን የክብደት ማዕከል በዘጠኝ ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሰዋል፤ ለብዙው ኪት ይህ በቂ ነው። ይህንን ለማድረግ ግን የባትሪው ማስቀመጫ አካሉ ሳይሸፈን በፊት መታሰብ አለበት። ዝግጁ ተደርጎ በተገዛ ፎም ላይ ይህ ውሳኔ የሌላ ሰው ነው።

ፎም ሲሰበር በአምስት ደቂቃ ተጣብቆ ይበራል ማለታቸው ትክክል ነው፤ የእንጨቱ ጥገና ከዚህ ይረዝማል። ሙቀት ሙጫን ያስቸግራል ያሉትም ከፊል እውነት አለው፤ ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በአየሩ እርጥበት ስለሆነ በድሬዳዋ ደረቅ አየር ይዘገያል፤ መጋጠሚያው ላይ አንድ ጊዜ ትንፋሽ እፍ ማለት ይረዳዋል። ነጩ ኮላ ደግሞ በዚህ አየር ቶሎ ይደርቃል። የክንፉ መሸፈኛ ላስቲክ በፀሐይ ሲረግብ የልብስ ካውያ በለስላሳ ጨርቅ ሸፍኖ ቢያሳልፉበት እንደገና ይወጠራል። ፎም በፀሐይ ከተጣመመ ግን የሚመልሰው ካውያ የለም።

እዚህ ከተማ ላይ ቆሞ በእጅ መሥራት ጊዜ ማባከን ነው ማለት ደግሞ ይከብደኛል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከምድር ባቡር ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በባቡሩ ጥገና ጋራዦች ትውልድ በትውልድ ቶርነሪ፣ ብየዳና የእንጨት ሥራ ተምሮባታል። አዲስ አበባ ላይ በ1928 ዓ.ም. ተሠርታ የተጠናቀቀችውና በጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን የተመለሰችው «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት እዚሁ አገር የተገጣጠመች ናት። ያን ጊዜም ከውጭ ዝግጁ የሆነ አውሮፕላን መግዛት ይቻል ነበር። ቢሆንም እዚሁ መሥራት ተመርጧል።

ስለ ገንዘቡ አጭር መልስ አለኝ። ኪትና ሬዲዮ ርካሽ አይደሉም፤ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻውን ቢያወጣው ይከብደዋል። ነገር ግን የሬዲዮ መምሪያው፣ ባትሪ መሙያውና የዋት መለኪያው አንዴ ከተገዙ ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ በአንድ የትምህርት ቤት ክበብ ብዙ ልጆች ይማሩባቸዋል። ለምሰሶና ለማጠናከሪያ የሚሆን ቀርከሃና ኮምፔንሳቶ እዚሁ ገበያ ላይ አለ። የኮምፒውተር መለማመጃውንም አልቃወምም፤ አውሮፕላኑ ወደ አብራሪው ፊቱን ሲያዞር ግራና ቀኝ የሚገለበጥበትን ነገር ጣት እንዲለምደው የሚያደርግ ከእሱ የተሻለ የለም። ሁለቱን ማፎካከራቸው ነው ያልገባኝ።

በፈቃዱ ጉዳይ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማዋ ጥግ ነው፤ የአየር ኃይልም ይጠቀምበታል። ሰው አልባ በራሪ ዕቃ ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም አይቻልም፤ ሞዴሉ ትንሽ ስለሆነ ማንም አይጠይቅም ብሎ መነሳት ስህተት ነው። ዕቃው ከመታዘዙ በፊት የሚመለከተው አካል ይጠየቅ፤ የማብረሪያው ቦታ ከማረፊያውም ከመኖሪያ ሰፈርም የራቀ ይሁን፤ የደጫቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ሜዳ ቢመስልም ሰው የሚተላለፍበት ስለሆነ አይሆንም። ፈቃዱ እስኪመጣ ክንፉ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ ለሙጫና ለእንጨት ፈቃድ አያስፈልግም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን አሻሽለው የሚያወጡት ከሆነ የምጠይቃቸው የአየሩንና የሞተሩን ክፍል እንዲያርሙ ነው። ጽሑፉን ካነበቡ ወጣቶች መካከል የጀመሩትን ኪት ከነሳጥኑ ለመሸጥ የሚያወሩ አሉ፤ ምክንያታቸውም «ድሬዳዋ ላይ አይነሳም ተብሏል» የሚል ነው። ገንዘብ ቸግሯቸው ወይም ሥራው ሰልችቷቸው ቢሆን አልናገርም ነበር። ስሌቱን የሚጠራጠር ካለ የጠረጴዛውን ሙከራ በጋራ ማድረግ እንችላለን፤ የዋት መለኪያውን አመጣለሁ፤ ፕሮፔለሮቹንም ሁለቱንም።